ባለ አንድ ስለት

በቶሊዶ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ጥር ወር ነው፤ ደጁን ዘግቶታል በረዶ።
እኔ ዌንደል ነኝ፣ አፍራሹም አዳሹም፤
ቤት ሲታመም እንጂ ሲድን አይጠሩኝም።
ከመስተዋቱ ጓዳ፣ ከመድኃኒት ሣጥን፣
አየሁኝ ሽንቁር፣ እንደ ጥፍር ቀጭን፤
ሳንቲም አያስገባ፣ ደብዳቤ አያሳልፍ፣
ከንፈሩን ገጥሞ ዝም ያለ ትንሽ አፍ።

ምን እንደሆነ ባውቅ ቀስ እል ነበር።
መዶሻዬን ሰነዘርኩ።
ልስኑ ተሰነጠቀ፣
ግድግዳው አንዴ አቃሰተና
እግሬ ሥር ምላጭ አስታወከ።

መቶ አይደል፣ ሁለት መቶ አይደል።
የታችኛው ዝጎ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ቡናማ ጡብ ሆኗል፤
የላይኛው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።
ወዲያ አከርካሪ፣ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ብረት፤
ወዲህ አንድ አፍ፣ አንድ ስለት።
አውቀዋለሁ ይህን፤ ቀለም መፋቂያዬ ነው፤
ፊት ይነካል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ማርጊት መጣች፣ ድምፁ ቀስቅሷት፣
በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባበት።
ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ምላጩን አየችው፤
«የአባቴ ነው» አለች፣ «ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ደስ ይላል ሳየው።
ካልማን ቦድናር ይባላል፤ መስታወት ፋብሪካ፣ እቶን አፍ ላይ ነበር፣
ሌት ነው የሚሠራው፣ አገር ሲያንቀላፋ፣ ሰው ሁሉ ሲያድር።
እኛ ልንተኛ ስንል እሱ ይላጫል፤
ጺም ላብ ይይዛል፣ ላብ ብናኝ ይይዛል፣
ብናኙ ጠርሙስ ነው፣ ሲያኩት ይቆርጣል።
ቅዳሜ ቅዳሜ የደነዘዘውን
በዚያች ይጥለዋል፤ ‹ግድግዳው ይብላው!› ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
አንድ ቅዳሜ ሳያስቀር፣
ካልማን ስለቱን አስገባ።
ምን ለምኖ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ጎንበስ ብዬ በጓንቴ ሳፍስ፣
ከላይ ከላይ ያሉት ነጭ ነገር አለባቸው።
የሳሙና አረፋ መሰለኝ። በጥፍሬ ሞከርኩት።
የመስኮት ቀለም።
«ይሄስ?» አልኳት።
«እሱ የኔ ነው» አለች፤ ትንሽ አፈረች።
«ሲሞት ሁለት ፓኮ ተርፎ ነበር።
መስኮቱን ስቀባ መስታወቱ ላይ የፈሰሰውን
በሱ ምላጭ ፋቅሁት።
ሲደነዝዝስ የት ይጣላል? ቦታው ያው ነው።»
መስታወቱ ከአባቷ እቶን ይውጣ አይውጣ
አልጠየቅሁም።

መላጫውን ሰጠችኝ፤ «እኔ ምን ያደርግልኛል፣ አገጬን እየው» ብላ።
ናሱ ጠቁሯል። ጭንቅላቱ እንደ ኪስ ሰዓት ክዳን ይከፈታል፤
ምላጭ ሲያጎርሱት ቀጭ ይላል።

እሑድ ማለዳ። ሙቅ ውሃ፣ ብሩሽ፣ ግማሽ ሳሙና።
ጭንቅላቱን ጉንጬ ላይ ልጥፍ አድርጌ አስተኛሁት፤
ብዙ ካቀናሁት ይፍቃል እንጂ አይላጭም፤
ጥቂት ብቻ...
ዘፈነ።
ክርርር አለ፣ ደረቅ ሣር ውስጥ እንደገባ ማጭድ።
የዘንድሮ ምላጭ አምስት አፍ አለው፣ አምስቱም ዲዳ፤
ይሄ በአንድ አፉ የጉንጬን ወሬ በሙሉ አወጣው፦
የት እንደጎረበጠ፣ የት እንደላላ፣
አምና የወደቅሁባት ጠባሳ የት እንዳለች።
አገጬ ሥር አንዴ ቀመሰኝ።
የሰው ዕቃ አዲስ ጌታ እስኪለምድ ይነክሳል፤
የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፌ ቁርሴን በላሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደነዘዘ።
በሁለት ጣቴ ይዤው ቆሜያለሁ።
የኔ ሣጥን ድፍን ፕላስቲክ ነው፣ ሽንቁር የለውም።
ቅርጫቱን አየሁት፤
ከረጢቱን የሚጭነው ልጅ
ጓንቱ የተቀደደ መሆኑ ትዝ አለኝ።

የማርጊትን ግድግዳ በአዲስ ሰሌዳ የምደፍነው ማክሰኞ ነው።
እስካሁን ክፍት ነው።
ስለቱም በእጄ።